ደሜ ከእኔ በፊት ባሕር ተሻገረ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ማርና ኮረሪማ እሸጣለሁ። ሱቋን የከፈተችው ታላቅ እህቴ እትዬ አማረች ናት። እናታችን ስትሞት ከቦንጋ ይዛኝ የመጣችው እሷ ናት፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ዛሬ ሃምሳን ልደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ይህን የምጽፈው ደንበኞቼ ስላስቸገሩኝ ነው። ሰው ግማሽ ኪሎ ማር ካስመዘነ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያ የደም ካንሰር የተባለው ነገር እንዴት ሆነልህ?” ይለኛል። እኔም ወሬ እወዳለሁና ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ባለቤቴ የሺ ትቆጣለች። እንግዲህ ጽፌዋለሁ፤ የቸኮለ ወስዶ ያንብበው።

ነገሩ የጀመረው በቦርጭ ነው። ሆዴ ገፋ ማለት ሲጀምር ሰፈሩ በሙሉ ደስ አለው። “ታዴ፣ ተመችቶሃል” የማይለኝ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእኛ ንግድ ቀጭን ነጋዴ አይታመንም፣ ማሩን ራሱ የማይበላው ምን ቢሆን ነው ይላሉ። ችግሩ ቦርጬ እንደ ሰው ቦርጭ መሃል ላይ አልነበረም። በግራ በኩል፣ ከጎድኔ በታች፣ ስነካው ጠንከር ያለ ነገር ነበር። ሁለት ጉርሻ ስበላ ደግሞ ድግስ የበላሁ ያህል እጠግባለሁ።

“ማን ቤት በልተህ ነው የመጣኸው?” ትለኛለች የሺ።

“የትም አልበላሁም።”

“ታዲያ ሽሮዬ ምን በደለህ?”

በዚህ ላይ ላብ አለ። አንሶላው እስኪረጥብ ያልበኛል። ከሱቅ ወደ ቤት ያለችውን ትንሽ ዳገት ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ አለኝ። አንዱ ቢበቃኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሁለቱንም መድኃኒት ወስጄ ጨረስኩ። ሁለተኛው አየር ጤና ያለ ነው፤ ጨጓራህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተብዬ እሱንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ሆዴን በጣቱ ቸብ ቸብ አድርጎ “አየር ነው” አለኝ። እነሱን አልወቅስም። ጥፋቱ ከእኔም ነው። ለአንዱ ላቡን ነገርኩት፣ ለሌላው ጥጋቡን፣ ለሦስተኛው ድካሙን። ሁሉንም አንድ ላይ የሰማ ሐኪም አልነበረም። አንባቢዬ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርብ የሚያሳፍርህም ቢሆን፣ የማይገናኝም ቢመስልህ፣ ያለህን ሁሉ ዘርግፈው።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት ለቸርች ስለባብስ የሺ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ሸሚዙ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ብሎ፣ ሱሪው ደግሞ ከወገቤ ይወርዳል።

“ታደለ፣ አንተ አልወፈርክም” አለች ቀስ ብላ። “ሆድህ ወፈረ እንጂ አንተ ከስተሃል። ትከሻህን እየው።”

ሰኞ ጠዋት ራሷ ይዛኝ ሰፈራችን ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድን። ደም ሰጠሁ። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሰብለ የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። “ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ” አለችኝ። እኔ ግን ሱቁ ተዘግቷል ብዬ ሹልክ አልኩ። ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ደንበኛ ኮረሪማ ስቆጥር ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ደጃፌ ላይ ቆመች። ከክሊኒኩ በእግሯ ነበር የመጣችው።

“ጋሼ ታደለ፣ ለምን ሄዱ?”

“ምነው፣ ጠፋሁ እንዴ?”

“ማሽኑ የእርስዎን ደም ቁጥር መስጠት አቃተው። መጀመሪያ ማሽኑ ተበላሽቶ መስሎኝ የራሴን ደም አስገባሁበት። የእኔን በደንብ ቆጠረው።”

ለሐኪሙ “ማሽኑ አልቆጠረም” ብላ ጽፋ ልትተወው ትችል ነበር። እሷ ግን ደሜን በመስታወት ላይ አሽታ፣ ቀለም ቀብታ፣ በማይክሮስኮፕ ስታየው ነበር የዋለችው። ተመልሼ ስሄድ እኔንም እንዳይ ፈቀደችልኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጎነበስኩ። ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ እንደ ገበያ ቀን ሞልቶታል።

“ቆንጆ ናቸው” አልኩ።

ሰብለ አልሳቀችም። “እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። ቀለም ስለቀባናቸው ነው እንዲህ የሚታዩት። እዚህ ቦታ ላይ ማየት ያለብኝ አንድ ሁለት ብቻ ነበር። ጋሼ፣ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ። በሳምንቱ መጨረሻ አይደለም፣ ነገ ጠዋት።”

በማግስቱ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፍረን ሄድን። ካርድ ማውጣት፣ መጠበቅ፣ ደም መስጠት፣ መጠበቅ። የደም ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ ሁሴን የሚባሉ ከጅማ የሚመላለሱ ሽማግሌ ነበሩ። ገና ሰላም እንዳልኳቸው “ስንት አለህ?” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ነጩ ነዋ። እኔ ስገባ ሦስት መቶ ሺህ ነበረኝ። ጤነኛ ሰው አሥር ሺህም አይሞላውም። እዚህ ቤት ማንም ሀብታም ከእኔ አይበልጥም ነበር። አሁን ክኒኑ አደህይቶኝ ስድስት ሺህ ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።”

የሺ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስለዚህ እኚህ ሰው ለእኔ ከሐኪም እኩል ናቸው።

የያዘችኝ ሐኪም ዶክተር ህሊና ትባላለች። ተረጋግታ ነው የምታወራው። ነጭ የደም ሕዋስ የሰውነት ዘበኛ ነው አለችኝ፤ ጀርም ሲገባ የሚዋጋው እሱ ነው። የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። የእኔ መቅኔ ውስጥ፣ ማንም በማያውቀው ምክንያት፣ የአንድ ሕዋስ ዘረ መል ሲገለበጥ ስህተት ተፈጠረ። ያ ሕዋስ “ይብቃ” የሚለውን ትእዛዝ መስማት ተወ፤ ያለማቋረጥ ይባዛል። የተባዛው ብዛት ጣፊያዬ ውስጥ ተከማችቶ ጣፊያዬን አሳበጠው። ቦርጭ ያልኩት ጣፊያ ነበር። ጨጓራዬን ስለተጫነው ነው ሁለት ጉርሻ የሚያጠግበኝ።

“ካንሰር ነው?” አለች የሺ።

“አዎ፣ የደም ካንሰር ነው። ግን የዚህ ዓይነቱ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ለብዙ ዓመት ሊያዝ የሚችል ነው። ብዙ ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ይኖራሉ።”

እኔ ከ“አዎ” በኋላ ያለውን የሰማሁት ቤት ገብቼ የሺ ስትደግምልኝ ነው። ካንሰር የሚለው ቃል ጆሮ ውስጥ ከገባ ሌላውን ቃል አያስገባም። የዚያን ሳምንት ፍርሃት እዚህ ዘርዝሬ አላስፈራችሁም። ሱቅ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ማር እያፈሰስኩ፣ ይኼን ሱቅ ማን ይይዘዋል እያልኩ፣ ሲሞላ ሳላይ እጄ ላይ ፈሰሰ ብል ይበቃል።

ለእትዬ አማረች ስነግራት አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

“ክኒን አለው?”

“አለው።”

“እንግዲያው ዋጥ። ጸሎቱን ለእኛ ተወው።”

ዋጥኩ። መጀመሪያ ላይ የዓይኔ ቆብ አብጦ ጠዋት ጠዋት ያለቀስኩ እመስል ነበር፤ ባቴን ቁርጥማት ይይዘኛል፤ ያቅለሸልሸኛል። በሦስተኛው ወር ማር ልገዛ ቦንጋ ስሄድ መንገድ ላይ እንዳያስታውከኝ ብዬ አራት ቀን ሳልውጥ ቀረሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሺ ግን የተረፈውን ክኒን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ሄዳ ወጥ ማማሰል ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም አላጓደልኩም።

ክኒኑ ሠራ። ጣፊያዬ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ላቡ ቆመ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁለተኛ እንጀራ ስጠይቅ የሺ ሳህኑን ይዛ ቆማ አየችኝ። ለሰብለ አንድ ጣሳ ማር ወሰድኩላት። “ከታካሚ አልቀበልም” ብላ ተግደረደረች፤ ለላቦራቶሪው በሙሉ ነው ስላት ተቀበለች። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ በሰላም ሄደ።

ከዚያ ነጩ እንደገና ከፍ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ጨመረ። ዶክተር ህሊና ወረቀቱን አይታ አየችኝ።

“ጋሽ ታደለ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየዋጡ ነው?”

“እየዋጥኩ ነው።”

ከጎኔ የተቀመጠችው የሺ ወደ መሬት አየች። ያን አየሁት። ቤት ስንገባ ኪሴን ፈተሸች፣ ቦርሳዬን ፈተሸች፣ የሱቁን መሳቢያ ሳይቀር ፈተሸች። ጠዋት ጠዋት ስውጥ ፊቴ ቆማ፣ “አፍህን ክፈት” ማለት ጀመረች። እኔም አኮረፍኩ። ከሕመሙ ሁሉ የከፋው ይኼ ጊዜ ነው። ሆዴ ሲያብጥ አብረን ነበርን፤ አሁን ግን ሃያ ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት አላመነችኝም። ያላመነችኝም ራሴ በሠራሁት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሐኪሟ በግልጽ ነግራናለች፤ ሕመሙ ካልተያዘ ወደ ኃይለኛው ዓይነት ሊዞር ይችላል። ያኛው ጊዜ አይሰጥም።

ዶክተር ህሊና ግን በጥርጣሬ ላይ አልቆመችም። “አንዳንድ ሰው በትክክል እየዋጠም መድኃኒቱ ሥራውን ይተዋል” አለችን። “ለምን እንደሚተው የእኛ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር አብረው እያጠኑ ነው። ደም ይሰበሰባል፤ የዘረ መሉን ምርመራ የሚሠራው ማሽን ግን ለጊዜው እዚያ ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ከዶክተር ናሆም ጋር ላገናኝዎት።”

እትዬ አማረች ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

“ደምህን ወዴት ነው የሚወስዱት?”

“ውጭ አገር።”

“አንተን ሳይወስዱ?”

“እትዬ፣ ጥናት ነው።”

“ጥናት ከሆነ እኔም ላጥናው። አብሬህ እሄዳለሁ።”

ዶክተር ናሆም ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ገፋ አድርጎ ወንበር አቀረበላት። የስምምነት ፎርሙን በአማርኛ አነበበልን። ደሜ ስሜ ሳይጻፍበት በቁጥር ብቻ እንደሚላክ፣ በፈለግሁ ጊዜ ማቋረጥ እንደምችል፣ ባልስማማም ሕክምናዬ እንደማይቀር። እህቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሲጨርስ ከፈተች።

“አንድ ነገር አላነበብክም ልጄ።”

“ምን እማማ?”

“ያገኛችሁትን ለወንድሜ ትነግሩታላችሁ?”

ዶክተር ናሆም ፎርሙን እንደገና ገለጠ። ሊያታልላት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። “የተሰበሰበው ውጤት በጥቅሉ ይታተማል። የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ግን ለሰውየው ይመለሳል የሚል እዚህ አልተጻፈም።”

“ለምን?”

“ጥናቱ ሲታሰብ... ለዕውቀት ተብሎ ነው። ውጤቱ የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው።”

“እኔ ማር ስቀምስ ጥሩ ካልሆነ ለባለማሩ እነግረዋለሁ” አለች። “ቀፎው የእሱ ነዋ። የታመመው እሱ፣ ደሙ የእሱ። መጨረሻ የሚሰማው ለምን እሱ ይሆናል? ጨርሶም ላይሰማ?”

ዶክተር ናሆም እስክሪብቶውን ከደነ። “እውነትዎን ነው” አለ። “ዛሬ አይፈርሙ። ጊዜ ስጡኝ።”

የሺ መንገድ ላይ፣ “በቃ አበላሸሽው፤ ዕድሉ አመለጠን” ብላ አለቀሰች። እህቴ እጇን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት። ሦስት ሳምንት የጭንቀት ጊዜ ነበር። እኔም በልቤ እህቴን ታዝቤያት ነበር፤ ዛሬ ተናዝዣለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ዶክተር ናሆም ራሱ ደወለ። ጥያቄውን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አቅርቦ፣ ከውጭ አገር ባልደረቦቹም ጋር ተነጋግሮ ነበር። እዚያ ያሉትም፣ “ይኼን ቀድመን ማሰብ ነበረብን” ብለው ተስማምተው ኖሯል። አዲሱ ፎርም ላይ፣ ለሕክምና የሚጠቅም ነገር ከተገኘ ለታካሚውና ለሐኪሙ በፍጥነት ይነገራል የሚል ተጨመረ። እትዬ አማረች ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ “ፈርም” አለችኝ።

ሁለት ብልቃጥ ደም ቀዱልኝ። ብልቃጡ በበረዶ ሣጥን ሲታሸግ አየሁ። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ደሜ ከሌሎች ሰዎች ደም ጋር ሆኖ በሳምንቱ ሄደ። የሺ “ሻንጣ አላስያዝከውም?” አለችኝ። ከወራት ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር፤ ሳቄን ለመደበቅ ዞር አልኩ።

ውጤቱ ሁለት ወር አልፈጀም። ዶክተር ህሊናና ዶክተር ናሆም አንድ ላይ ጠሩን። ዶክተር ናሆም ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለ። መድኃኒቱ የሚሠራው የታመመው ሕዋስ ላይ አንዲት ቦታ ገብቶ እንደ ክዳን በመግጠም ነው። የእኔ ሕዋስ ያቺን ቦታ ቅርጿን ቀይሯታል። የጣሳው አፍ ትንሽ ተጣምሞ ክዳኑ አልገጥም አለ ማለት ነው። ብውጥም ባልውጥም ያው ነበር።

“ስለዚህ ጥፋት የለብዎትም” አለች ዶክተር ህሊና። “በትክክል ሲውጡ ነው የቆዩት። ለዚህ ቅርጽ የሚገጥም ሌላ ክኒን አለ። የትኛው እንደሆነ የነገረን ይኼ ምርመራ ነው። እስኪመጣልዎት እኔ እከታተላለሁ።”

እኔ የሺን ነው ያየሁት። እሷ ሥዕሉን ነው የምታየው።

ኮሪደር ላይ ስንደርስ ቆመች። “ታዴ፣ አፍህን ክፈት ያልኩህ...”

“ተይው።”

“አልተወውም። ይቅርታ።”

“እኔም ስለ ቦንጋው መንገድ ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም” አልኩ። እውነትም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እዚያው፣ ሰው ሁሉ በሚተላለፍበት፣ ክንዴን ይዛ ቆየች።

ሁለተኛው ክኒን እስኪመጣ ጥቂት ሳምንት ጠበቅን፤ መጣም። የራሱ አመል አለው። በቀን ሁለት ጊዜ በባዶ ሆድ ነው፤ ከመዋጡ በፊት ለሁለት ሰዓት፣ ከተዋጠ በኋላ ለአንድ ሰዓት ምንም አይቀመስም። ለማር ነጋዴ ይኼ ከባድ ነው፤ ደንበኛ “እስኪ ቅመሰውና ንገረኝ” ሲለኝ የግድግዳውን ሰዓት አይቼ “አሥር ሰዓት ላይ ተመለስ” እላለሁ። አንዳንዱ ያኮርፋል፣ አንዳንዱ ተገርሞ ሁለት ኪሎ ይገዛል። በሦስት ወር ነጩ ወደ ልኩ ወረደ። ዓመት ሲሞላ ያ የተሳሳተው ዘረ መል በምርመራ ለመገኘት የሚያስቸግር ያህል አነሰ። ድነሃል አላሉኝም። ክኒኑን ቀጥል ነው ያሉኝ። እኔ ግን ዳገቷን ሳልቆም እወጣለሁ፤ ስልክ ሳወራም የእውነቴን ነው።

ይህን ለምታነቡ ታማሚዎች ሁለት ነገር ልበል። መድኃኒት ስታቋርጡ አትደብቁ፤ የደበቃችሁት አራት ቀን እውነት ስትናገሩ የሚያምናችሁ ሊያሳጣችሁ ይችላል። ለጥናት ደም ስጡ ስትባሉ ደግሞ ደንግጣችሁ እምቢ አትበሉ፣ ዝም ብላችሁም አትፈርሙ። ጠይቁ። ጥሩ ተመራማሪ በጥያቄ አይከፋም፤ እኔ ያጋጠሙኝ አልከፋቸውም።

ባለፈው ክረምት ጥናቱን የሚሠሩት የሁለቱ አገር ሰዎች እዚህ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር፤ የተወሰንን ታካሚዎችም ከቤተሰብ ጋር ተጋበዝን። ዘረ መሉን የሚመረምረው ማሽን አሁን እዚሁ ተተክሎ የእኛ ባለሙያዎች እየሠሩበት እንደሆነ ሲነገር ሁሉም አጨበጨበ። ለሻይ ስንወጣ ከውጭ የመጣች ፀጉሯ የሸበተ ተመራማሪ ወደ እኔ መጣች። ዶክተር ናሆም አስተረጎመልን። ሃያ ዓመት በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ስትሠራ፣ ደሙን ያየችውን ሰው በአካል ስታገኝ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። እጄን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለች። የምለው ቢጠፋኝ፣ “ደሜን በደህና ስለያዛችሁልኝ አመሰግናለሁ” አልኩ።

ከዚያ ወደ እትዬ አማረች ዞረች። በፎርሙ ላይ ስለተጨመረው ዐረፍተ ነገር ሰምታ ነበር፤ አሁን በሌሎች አገሮች ባሉ ጥናቶቻቸውም እየጨመሩት ነው አለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ብላ ለዶክተር ናሆም በፈረንጅኛ አንሾካሾከች። እሱ ፈገግ አለ።

“እማማ፣ ሙያዎ ምንድን ነው እያለች ነው። ሕግ ነው ወይስ ሕክምና የተማሩት?”

እህቴ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ከዚያ በጭንቅላቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

“የእሱ እህት ነኝ በላት።”